የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትርነትና የሁለቱ ሰይዶች ቤት

በነሐሴ ወር 2019፣ ዶክተር ዐብደላ ሐምዶክ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ሳምንት፣ በሐጅ ዩሱፍ ከሱቅ ሲታ ጥግ በተዘረጋች የሻይ ገበታ ዙሪያ ዝቅ ባሉ በርጩማዎች ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ በወጣትነታቸው ከኑባ ተራሮች መጥተው በዚያ ሰፈር ያረጁ፣ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ንኡሰ ክርስቲያንን ሲያስተምሩ የኖሩ፣ እኔም እንደ አገሩ ልማድ «ዓሚ» እያልሁ የምጠራቸው ጎረቤቴ፣ ሬዲዮኑ የአዲሱን ሹም ስም አንብቦ ሳይጨርስ አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ሰውየው የማን ቤት ናቸው?» አሉ። ስለ ትምህርታቸውና ስለ ፓርቲያቸው መጠየቃቸው አልነበረም። በሱዳን «ቤት» የሚባለው ነገር ከግድግዳና ከጣራ የሚሰፋ፣ ከነገድም የሚለይ ነው፤ አንድ ሰው አያቱ የማንን ሸኽ እጅ ስሞ እንደ ኖረ፣ በመውሊድ ሌሊት በማን ድንኳን እንደሚቀመጥ፣ በምርጫም ቀን የማንን ቃል እንደሚጠብቅ የሚያመለክት ቃል ነው። ጎረቤቴ ክርስቲያን ሆነው ሳሉ ይህን መጠየቃቸው ግር ቢለኝም፣ የዚያን አገር የመንግሥት ወንበር ታሪክ ከሥሩ ካጠናሁ በኋላ፣ ከዚህ የቀና ጥያቄ ሊጠየቅ እንደማይችል ተረዳሁ።

ሐጅ ዩሱፍ ከጥቁር ዓባይ በስተ ምሥራቅ፣ የካርቱም ሰሜን ወይም የበሕሪ ከተማ ወደ በረሃው በሚሰፋበት አቅጣጫ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የኮርዶፋንና የዳርፉር ድርቅ ያፈናቀላቸው፣ የደቡቡ ጦርነት ያሳደዳቸው፣ ከኑባ ተራሮች ሥራ ፍለጋ የወረዱ፣ በኋላም ከእኛ አገርና ከኤርትራ የተሰደዱ ሁሉ በጭቃ ቤትና በጠባብ መንገድ የተጎራበቱበት ስለ ሆነ፣ በአንድ መንደር ውስጥ የመስጊዱ አዛን፣ የፕሮቴስታንቱ ከበሮና የእኛ ሰዎች ማኅበር ዝማሬ እርስ በርሱ ይሰማ ነበር። ከዚህ ሰፈር ወደ ምዕራብ ጥቂት በተጓዘ ጊዜ በዚያው በበሕሪ የሰይድ ዐሊ አል ሚርገኒ መቃብር ይገኛል፤ ወንዙን ተሻግሮ ኦምዱርማን የገባም የማሕዲን ጉልላት ያያል። የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትርነት ታሪክ አብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መቃብሮች መካከል ያለ ታሪክ ነው። ነገሩ የሱዳን ስለ ሆነ ዘመኑን ሁሉ አገሬው በሚጠቀምበት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ከሁለቱ ቤቶች ቀዳሚው የኸትሚያ ጠሪቃ፣ ማለት የሱፊ ማኅበር፣ ነው። ስሙ «ኻቲም» ከሚለው ዐረብኛ የወጣ ሲሆን፣ የእኛም ግእዝ «ኀተመ» ሲል የሚያውቀው ማኅተም ማለት ነው፤ መሥራቹ ሙሐመድ ዑስማን አል ሚርገኒ የጠሪቃዎች ሁሉ ማኅተም ናቸው ከሚል እምነት የተሰየመ ነው። እኒህ ሰው በመካ የአሕመድ ኢብን ኢድሪስ ደቀ መዝሙር ሆነው ከተማሩ በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ሱዳን ተሻግረው አስተማሩ፤ ልጃቸው አል ሐሰንም በከሰላ ከተማ፣ ከተራራው ግርጌ ተቀብረው መቃብራቸው እስከ ዛሬ የስእለት ቦታ ሆኖ ይኖራል። ትምህርቱ በከሰላ ሳይገታ ወደ ከረንና ወደ ምጽዋ ስለ ዘለቀ፣ የቀይ ባሕሩን ዳርቻ ለሚያውቅ አንባቢ የሚርገኒ ስም እንግዳ አይደለም። ቱርኮችና ግብጾች ሱዳንን በገዙበት ዘመን ይህ ቤት ከገዢዎቹ ጋር ተስማምቶ ስለ ኖረ፣ ማሕዲ በተነሣ ጊዜ ተቃወመው፤ በዚህም ምክንያት ተሰደደና በ1898 ከእንግሊዝና ከግብጽ ጦር ድል በኋላ ተመልሶ ገባ።

ሁለተኛው ቤት የአንሷር ቤት ነው፤ አንሷር ማለት ረዳቶች ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጥር ወር 1885 ካርቱምን የያዘው የሙሐመድ አሕመድ አል ማሕዲ ሠራዊት፣ እርሱ ካረፈ በኋላ በኸሊፋው ዘመን በ1888 ጎንደርን አቃጥሏልና፣ በመጋቢት 1889ም አፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁት ከዚሁ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነውና። በእኛ ዜና መዋዕል እንደ መቅሠፍት የተጻፈው ስም በኦምዱርማን የሚሊዮን ሰው በረከት መሆኑን ሰው ልብ ብሎ ካላየ፣ የጎረቤቱን አገር ፖለቲካ ሊያስተውል አይችልም። ማሕዲ ከሞተ በኋላ የተወለደው ልጁ ዐብዱረሕማን በእንግሊዞች ዐይን ሥር በጥርጣሬ አደገ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወገኖቹን ከቱርክ ጥሪ ስለ መለሰ አመኔታን አገኘ፤ በነጭ ዓባይ ላይ ባለችው በአባ ደሴትም ጥጥ እያስመረተ ባለጸጋ ሆነ፤ የአባቱን ሠራዊት በሰይፍ ፋንታ በእርሻና በጸሎት ዳግመኛ ሰበሰበው። በ1945 የኡማ ፓርቲ ሲመሠረት ጠባቂው እርሱ ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ ሰይዶች፣ በኸትሚያው መሪ በሰይድ ዐሊና በአንሷሩ መሪ በሰይድ ዐብዱረሕማን መካከል፣ ሦስተኛ ወገን ተነሣ፤ እርሱም በጎርደን ኮሌጅ ተምረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀመጡት፣ አገሬው «ኤፈንዲ» የሚላቸው ሹማምንት ነበሩ። በ1938 የምሩቃን ጉባኤ የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው ስለ ነጻነት መጻፍና መናገር ጀመሩ፤ ሆኖም ብዕርና ሐሳብ ይኑራቸው እንጂ ሕዝብ አልነበራቸውም። ገበሬው፣ ዘላኑ፣ የገዚራው ጥጥ ለቃሚ ጋዜጣ አያነብም፤ የሰይዱን ደብዳቤ ግን በሸኹ አፍ ይሰማል። ስለዚህ ኤፈንዲው ወደ ሥልጣን ለመውጣት ከሁለቱ ደጆች በአንደኛው መጥናት ግድ ሆነበት፤ ሰይዱም በበኩሉ በካቢኔ ገብቶ ሕግ የሚያረቅለት፣ እንግሊዝኛ የሚናገርለት ሰው ይሻ ነበርና ተግባቡ። የሱዳን ርእሰ መንግሥት የተፀነሰው በዚህ ውል ነው። ዐረቦቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ረኢስ አል ውዘራ» ይሉታል፤ «ረኢስ» የእኛው «ርእስ» ነው። ራስ የተባለው ሰው ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ የሌላ አካል ራስ ነበር።

በ1953ቱ ምርጫ ከ97 ወንበሮች 51ዱን ያሸነፈው ብሔራዊ አንድነት ፓርቲ መሪውን ኢስማዒል አል አዝሐሪን በ1954 መጀመሪያ በመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትርነት ላይ አወጣ። አዝሐሪ በቤይሩት የተማረ የሒሳብ መምህር ቢሆንም፣ በትውልዱ የዲን ቤት ሰው ነበር፤ አያቱ የሱዳን ሙፍቲ ነበሩ። ድጋፉንም ያገኘው ከሰይድ ዐሊ ነው። ከግብጽ ጋር አንድ እንሁን የሚለውን የፓርቲውን ዓላማ ትቶ ነጻነትን በመረጠ ጊዜ፣ ጥር 1 ቀን 1956 በአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የቆመው እርሱ ሆነ፤ ነገር ግን ክብሩ በበዛ መጠን ጥላውን እየራቀ ሄደ። እጅግ ጠላቶች የነበሩት ሁለቱ ሰይዶች በታኅሣሥ 1955 ተገናኝተው ታረቁ፤ የኸትሚያ ወገኖች በ1956 ክረምት ከአዝሐሪ ተለይተው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ በሐምሌም ምክር ቤቱ አወረደው። ወገኖቹ ያን ጊዜ «ቅድስና ከፖለቲካ ጋር የለም» የሚል መፈክር በጎዳና ላይ ጮኹ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚያ አገር ስለዚህ ወንበር ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ይህን ያህል የታመቀ እውነት የያዘ የለም፤ ነገር ግን ጩኸቱ የተሰማው ቅድስናው ከለቀቃቸው በኋላ ነበር።

በአዝሐሪ ፋንታ የኡማው ዋና ጸሐፊ፣ የቀድሞው የጦር መኮንን ዐብደላ ኸሊል ተሾመ፤ መንግሥቱም «የሁለቱ ሰይዶች መንግሥት» ተብሎ ተጠራ። የማሕዲ ቤትና የሚርገኒ ቤት በአንድ ካቢኔ ሲገናኙ ያገናኛቸው የአዝሐሪ ፍርሃት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረምና፣ በ1958ቱ ምርጫ ኡማ ከ173 ወንበሮች 63ቱን ይዞ ሲመለስ ጥምረቱ መሰንጠቅ ጀመረ፤ በኅዳር 17 ቀን 1958 ጄኔራል ኢብራሂም ዐቡድ መንግሥቱን ወሰደ፤ ሁለቱም ሰይዶች ለአዲሱ ጦር አለቃ የቡራኬ ቃል ላኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በነጻነት ቀን የአገሩን ርእሰ ብሔርነት የወሰዱት በኅብረት አምስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከአምስቱ አንዱ ሲሪሲዮ ኢሮ የተባለ የደቡብ ክርስቲያን ነበር። የ1956ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን እምነትን መለኪያ አላደረገም። እንግዲህ በጽሑፍ የተዘጋ በር አልነበረም፤ በአምስት ተከፍሎ የሚቀመጡበት ወንበር ለክርስቲያኑ አንድ አምስተኛውን ሰጠ፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት፣ ሚኒስትር የሚሾምበትና በጀት የሚቆረጥበት ወንበር ግን ከሰይዶቹ ደጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። በኋላ ስድሳ ዓመት ሲቈጠር ይህ ሥርዓት ሳይለወጥ ይታያል፤ ክርስቲያን ምክትል ይሆናል፣ የጉባኤ አባል ይሆናል፣ የደቡብ አስተዳዳሪ ይሆናል፤ ርእሰ ሚኒስትር አይሆንም።

ስለ ዐቡድ ስድስት ዓመት ለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ይበቃል፤ በ1960 በደቡብ የዕረፍቱን ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ አዛወረ፤ በ1964 ሚሲዮናውያኑን ከደቡብ አስወጣ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት የካርቱም ሕዝብ አወረደው። ከእርሱ በኋላ የሽግግሩን መንግሥት የመራው ሲር አል ኻቲም አል ኸሊፋ በደቡብ የትምህርት ሹም ሆኖ ያገለገለ፣ ደቡቦቹም የሚያምኑት ሰው ነበር፤ ስሙ ሲተረጐም ግን «የማኅተሙ ምሥጢር» ማለት ነው፤ ወላጆቹ ለልጃቸው ስም በፈለጉ ጊዜ ወዴት እንደ ተመለከቱ ከዚህ ይታወቃል። የ1965ቱን የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ የጠራ እርሱ ነው።

ከ1965 እስከ 1969 ያሉት ዓመታት የአንሷር ቤት በራሱ ላይ የተከፈለባቸው ናቸው። ባለ ቅኔውና ጠበቃው ሙሐመድ አሕመድ መሕጁብ በኡማ ፓርቲ ስም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ የማሕዲ የልጅ ልጅ ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማረው ሷዲቅ አል ማሕዲ ደግሞ ለምክር ቤቱ የሚፈቀደውን 30 ዓመት በሞላበት ጊዜ አንድ አባል ወንበሩን ለቀቀለት፤ በሐምሌ 1966ም መሕጁብን ጥሎ በዚያ ወንበር ተቀመጠ። አጎቱ ኢማም አል ሃዲ ከመሕጁብ ጋር ቆመ። ወጣቱ ይከራከር የነበረው የኢማምነትና የፖለቲካ መሪነት ይለያዩ ብሎ ነው፤ ክርክሩ የቀና ነበር፤ ዳሩ ግን ከማሕዲ ዘር ባይወለድ በ30 ዓመቱ ማን መንበር ይለቅለት ነበር? ይኸው ሰው በ2002 ራሱ የአንሷር ኢማም ሆኖ ሁለቱን ሹመት በአንድ ራስ ላይ ደረበ።

በነዚያው ዓመታት ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር የሆነው ጥያቄ በምክር ቤቱ የተነሣው። ሕገ መንግሥቱ እስላማዊ እንዲሆን ረቂቅ ተዘጋጅቶ ሲነበብ፣ ከኑባ ተራሮች የተመረጠው የአንግሊካን ካህን ፊሊፕ ዐባስ ገቡሽ ተነሣና፣ ለረቂቁ ይሟገት ለነበረው ለሐሰን አል ቱራቢ እንዲህ ያለ ነገር አቀረበለት፤ በዚህ ሕግ ሙስሊም ያልሆነ ዜጋ የአገሩ ርእሰ ብሔር ሊሆን ይችላልን? ቱራቢ በሕግ ትምህርት ከፓሪስ የመጣ፣ በአንደበቱም የታወቀ ሰው ስለ ነበረ፣ መልሱን በዜጎች ግዴታና በብዙኃኑ ፈቃድ ዙሪያ አዙሮ ለማለፍ ሞከረ፤ ካህኑ ግን ጥያቄውን ደጋግሞ፣ አዎን ወይም አይደለም የሚል ቃል ብቻ እንደሚሻ አስገደደው፤ በመጨረሻም ቱራቢ አይችልም አለ። ለብዙ ዓመታት ያልተጻፈው ልማድ በዚያች ሰዓት በመዝገብ ላይ ተጻፈ። ለእኔ ይህ ትልቅ ቀን ነው። ካህኑ ወንበሩን ለራሱ ፈልጎ አልነበረም፤ የአንድ አገር ዜጎች ሁሉ በአንድ መለኪያ ይለኩ እንደ ሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ መልሱንም ሰይዶቹ ሳይሆኑ፣ ከሰይዶቹ ይልቅ የተማረውና የነቃው ሰው ሰጠው። ሰይዶቹ በሩን በዝምታ ዘግተው ነበር፤ ቱራቢ ቁልፉን አሳየ።

ረቂቁ ሳይጸድቅ በግንቦት 25 ቀን 1969 ኮሎኔል ጃዕፈር ኑመይሪ መንግሥቱን ገለበጠ፤ መጀመሪያም የቀድሞውን ዋና ዳኛ ባቢክር ዐወደላህን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገ፤ ቀጥሎ ወንበሩን ራሱ ያዘ። ኑመይሪ የሰይዶቹን ቤት በብረት ሊሰብር የተነሣ የመጀመሪያው ሰው ነው። በመጋቢት 1970 የአባን ደሴት በጦር መታ፤ ኢማም አል ሃዲም ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሊያመልጥ ሲል በመንገድ ላይ ተገደለ። በመተማ ንጉሣችንን የገደለው ቤት ወራሽ ነፍሱን ሊያድን ወደ እኛ አገር ሲሸሽ መውደቁን ሳስበው፣ የሁለቱ አገሮች ታሪክ እንዴት እንደ ተሳሰረ ይገርመኛል። በየካቲት 1972 በአዲስ አበባ፣ በንጉሠ ነገሥቱ አማካኝነት የተፈረመው ስምምነት ለአሥር ዓመት ሰላም አወረደ፤ ክርስቲያኑ አቤል አሊየር የሪፐብሊኩ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የ1973ቱ ሕገ መንግሥትም እስልምናንና ክርስትናን ሁለቱንም በስማቸው አወሳ። ሰላም ከፈረሰ በኋላ ግን በመስከረም 1983 ያው ኑመይሪ ሸሪዓን አወጀ፤ ይህን ሕግ የተቃወሙትን አረጋዊ የሃይማኖት ሊቅ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃን በጥር 1985 ከሐጅ ዩሱፍ ብዙ በማይርቀው በኮበር ወኅኒ በስቅላት ገደላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሕዝቡ ኑመይሪን አወረደው።

የሽግግሩ ዓመት በሐኪሙ በአል ጀዙሊ ደፈዓላህ ጠቅላይ ሚኒስትርነት አለፈና በ1986 ምርጫ ሆነ። የሻይ ገበታው ጎረቤቴ ዐይናቸው የሚበራው ስለዚህ ምርጫ ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ የተፈናቀለው ሁሉ ከከተማው ጥግ ሰፍሮ ነበርና፣ ለዋና ከተማው ነዋሪ ሐጅ ዩሱፍ ማለት ውኃ የሚቀዳባት አህያ፣ አቧራና የተከለከለ ጠላ ማለት ነበር፤ ይህ ሰፈር ግን ወደ ምክር ቤት የላከው ያንኑ ካህን፣ ፊሊፕ ዐባስ ገቡሽን ነው። «አጥበን የለበስነውን ነጭ ልብስ ለብሰን ተሰለፍን» ይላሉ ዓሚ፤ «ሙስሊሙ ኑባም፣ ክርስቲያኑ ኑባም ለአባታችን ሰጠ።» ሰይድ በሌለበት ሰፈር ካህን ተመረጠ፤ ከመራጮቹም ብዙዎቹ የሌላ እምነት ሰዎች ነበሩ።

ካህኑ ወደ ምክር ቤት በገባ ጊዜ ያገኘው ሥርዓት ግን ከ1956ቱ እምብዛም የተለየ አልነበረም። ሷዲቅ አል ማሕዲ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አሕመድ አል ሚርገኒ የርእሰ ብሔሩ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ የማሕዲና የማኅተሙ ቤቶች አገሩን እንደ ርስት ተካፈሉት። ይህን ስል ሰዎቹን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ የኸትሚያው መሪ ሙሐመድ ዑስማን አል ሚርገኒ በኅዳር 1988 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከደቡቡ ዐማፅያን መሪ ከጆን ጋራንግ ጋር የመስከረሙን ሕግ ለማገድ ተፈራርሟል፤ የሃይማኖት ቤት ያለው ሰው ሃይማኖታዊውን ሕግ ለሰላም ሲል ለማቆም ከማንም ይልቅ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነበር። ሷዲቅ ስምምነቱን ሲያቅማማ ወራት አለፉ፤ በሰኔ 30 ቀን 1989 ብርጋዴር ዑመር አል በሺር ከቱራቢ ወገኖች ጋር መጣ። ቱራቢ የሷዲቅን እኅት ያገባ ስለ ነበረ፣ አንዱ አማች ሌላውን አማች ገለበጠ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አል በሺር የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን መዓርግ አስቀረው፤ ከ1989 እስከ 2017 ድረስ ሱዳን ርእሰ ሚኒስትር አልነበራትም። መዓርጉ ለጄኔራል በክሪ ሐሰን ሷሊሕ ተመልሶ በተሰጠ ጊዜም የፕሬዚዳንቱ ጥላ ከመሆን አላለፈም። በነዚያ ዓመታት የሰይዱን ቤት የተካው የእነ ቱራቢ እስላማዊ ንቅናቄ ቤት ነው፤ ሰው የሚመዘነው በአያቱ ሸኽ መሆኑ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲ በነበረበት የወንድማማች ሕዋስ ሆነ። በሐምሌ 2005 ጋራንግ ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ካርቱም በገባ ጊዜ፣ ሊቀበለው የወጣው ሕዝብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጅግ ብዙ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የፊሊፕ ገቡሽ ጥያቄ ሊመለስ የቀረበ መሰለ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ሄሊኮፕተሩ ወደቀ። ደቡቡ በ2011 ራሱን የቻለ አገር ሲሆን ጥያቄው በመልስ ሳይሆን በድንበር ተፈታ፤ ከሐጅ ዩሱፍም ብዙ የደቡብ ቤተ ሰቦች አልጋና ድስት በጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። የኑባ ሰዎች ግን ከድንበሩ በስተ ሰሜን ቀሩ።

እንግዲህ ወደ 2019ኙ ነሐሴ እንመለስ። ዐብደላ ሐምዶክ በአዲስ አበባ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ዘመናቸውን ያሳለፉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ናቸው፤ ስማቸውም ከሁለቱ ሰይዶች ከአንዳቸውም ቤት፣ ከጦሩም ሰፈር የወጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ለዓሚ «የማንም ቤት አይደሉም» ብዬ መለስሁላቸው። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲያውስ ማን ያቆማቸዋል?» አሉ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። ከአሥራ አንዱ የሉዓላዊ ምክር ቤት አባላት አንዷ ራጃ ኒኮላ የተባሉ የቅብጥ ክርስቲያን ዳኛ ነበሩ፤ ዳግመኛም ከብዙዎች መካከል አንድ ክርስቲያን፣ እንደ ሲሪሲዮ ኢሮ። በ2020 ከእስልምና የወጣን ሰው በሞት የሚቀጣው አንቀጽ ተሻረ፤ በመስከረም 3 ቀን 2020ም ሐምዶክ ከኑባው መሪ ከዐብዱልዐዚዝ አል ሒሉ ጋር በአዲስ አበባ የመንግሥትንና የሃይማኖትን መለያየት መሠረት ያደረገ የመርሕ መግለጫ ፈረሙ። በጥቅምት 2021 ጦሩ ሐምዶክን አሰረ፤ ወደ ወንበሩ ከተመለሱም በኋላ በጥር 2022 ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣ የሐጅ ዩሱፍ ሰው እንደ አቧራው ተበተነ፤ ብዙዎቻችንም ወጣን።

የአዲስ አበባው መግለጫ በተሰማበት ማታ፣ ዓሚ ወረቀቱ በእኔ አገር ከተማ መፈረሙን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ስለ አገሬ ጠየቁኝ። እኔም በንጉሡ ዘመን በ1955ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ንጉሠ ነገሥቱ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት ሁልጊዜ እንዲመሰክር በግልጽ ተጽፎ እንደ ነበረ፤ ልጅ ኢያሱም በ1916 ከሃይማኖቱ ወጥቷል ተብሎ በአቡነ ማቴዎስ ቃል መውረዱን፤ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት ኢማም ሙሐመድ ዐሊ እንደ ነበሩ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የካህን ልጅ መሆናቸውን፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን እንደ ለየ፤ በ2012 ከሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በመለስ ዜናዊ ወንበር ሲቀመጡ የቆየው የኦርቶዶክስ ተከታታይነት ያለ ብዙ ክርክር እንደ ተቋረጠ፤ ከእርሳቸው ቀጥለው የመጡት ዐቢይ አሕመድም ከሙስሊም አባትና ከኦርቶዶክስ እናት ተወልደው የጴንጤ ቆስጤ አማኝ መሆናቸውን፤ የዚያን ጊዜው ምክትላቸው ደመቀ መኮንን ደግሞ ሙስሊም እንደ ሆኑ ዘረዘርሁላቸው። ይህን ሁሉ በኩራት ነበር የተናገርሁት።

ሽማግሌው እስክጨርስ ታገሡኝ። ሻይ ሻጯ ከሰሉን እያራገበች ነበር፤ በረክሻው ጩኸት መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምክትሉን ነገርኸኝ፤ አባትየውንም ነገርኸኝ። በዋናው ወንበር ላይ ሙስሊም ተቀምጦ ያውቃል?» አሉኝ።

«እስካሁን አልተቀመጠም» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ለእኔ ሁለተኛ ብርጭቆ እንድትቀዳ ለሴትዮዋ በእጃቸው ምልክት ሰጧት።